የዕቁብ ገንዘብና የሐኪም ቢላ

ድሮ አገር ቤት ቦርጭ የጌትነት ምልክት ነበር። ወንዱ ቀበቶውን ከሆዱ በታች አስሮ ሲንጎራደድ «ተመችቶታል» ይባልለታል። ሴቷም ብትሆን ገንፎውን፣ አጥሚቱንና ቅቤውን ጠግባ፣ ጉንጯ ሞልቶ ከአራስ ቤት ስትወጣ «አራስነት ያማረባት» ተብላ ትመሰገናለች። ሆዷ ላልቶ እንዳይቀር እናቷ ወይም አክስቷ በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስሯታል፤ መቀነቱ ያልመለሰውን ቀሚሱ ይሸፍነዋል። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። አትላንታ ግን ቀሚሱም ሌላ፣ ዓይኑም ሌላ ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በክላርክስተንም ሆነ በዲኬተር ሴቶች ብቻቸውን ቡና ላይ ሲቀመጡ፣ ሦስተኛው ስኒ ከመድረሱ በፊት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነሳ ጉዳይ አለ። ስሙ «ተሚ ተክ» ነው። አማርኛችን ገና ስም አላወጣለትም። «ሆድ ማስቆረጥ» የሚሉ አሉ፤ «ሆድ ማሰፋት» የሚሉም ሰምቻለሁ። ሐኪሞቹ «አብዶሚኖፕላስቲ» ይሉታል። ድሮ ዕቁብ የሚጣለው ለታክሲ መግዣ፣ ለቤት ቀብድ ወይም ወንድም ከሱዳን ለማስመጣት ነበር። ዛሬ ዕጣው ሲወጣላት በቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪም ቢሮ የምትሄድ እህት አለች።

የማንንም ሆድ ለመዳኘት አልተነሳሁም። ገንዘቡን ያመጣችው በላቧ ነው፤ ሰውነቱም የራሷ ነው። «እግዜር የሰጠሽን ተቀበይ» የሚለውን ስብከት ለሌሎች እተዋለሁ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገሩ በድብቅ መያዙ ነው። ድብቅ ስለሆነ ሰው አይጠየቅም፤ ሰው ስላልተጠየቀ ርካሹ ይመረጣል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአምስተኛው ቀን እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ምን እንደተደረገ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ለመሆኑ ሐኪሙ የሚሠራው ምንድን ነው? እምብርት ላይ ትንሽ ጫር አድርጎ ስብ መምጠጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ቢላው ከአንዱ የዳሌ አጥንት ተነስቶ ከብልት በላይ ባለው እጥፋት በኩል እስከ ሌላኛው ዳሌ ይሄዳል። ቆዳውና ስቡ ከሥሩ ካለው ጡንቻ ተላቅቆ እስከ ጎድን አጥንት ድረስ እንደ ብርድ ልብስ ይገለጣል። ከዚያ ከደረት ወደ ታች ግራና ቀኝ የሚወርዱት ሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች በክር ይገጠማሉ። እነዚህ ጡንቻዎች በእርግዝና ጊዜ ለጽንሱ ቦታ ለመልቀቅ ይራራቃሉ፤ በአንዳንዷ ሴት ላይ ከወሊድ በኋላ ተመልሰው አይገናኙም። ሦስት ልጅ የወለደች ቀጭን ሴት ማታ ማታ «ስንት ወርሽ ነው?» እየተባለች የምትሸማቀቀው በስብ ሳይሆን በዚህ ክፍተት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ቆዳው ወደ ታች ተስቦ ትርፉ ይቆረጣል፤ እምብርቱ በነበረበት ሆኖ በአዲስ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ሥራው ሙሉ ማደንዘዣ የሚጠይቅ ሲሆን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም የነበረው ሃዋርድ ኬሊ የተንጠለጠለ የሆድ ቆዳና ስብ ቆርጦ ያወጣው በ1899 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክብደት መቀነሻ አይደለም። ሐኪሞቹ የሚመርጡት ክብደቷ ቀድሞ የረጋላትን ሴት ነው። ገና ልጅ የምታስብ ከሆነም ቆይታ ብትሠራው ይመከራል፤ አዲስ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ይወጥረዋልና። ለወንዶች ደግሞ አንድ ቃል ልጣል፦ የብዙዎቻችሁ ቦርጭ ያለው ከቆዳ ሥር ሳይሆን ከጡንቻው ጀርባ፣ አንጀት ዙሪያ ነው። እዚያ የተሚ ተክ ቢላ አይደርስም። የእሱ መድኃኒት ቢራውንና ቁርጡን መቀነስ፣ ስኳርና ደም ግፊትም መለካት ነው።

አንዲት የማውቃት እህት፣ አውሮፕላን ጣቢያ የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት፣ «እንግሊዝኛው ቢከብደኝ አስተርጉሚልኝ» ብላ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ስሙን አልጠቅስም። የተቀበለችን ዘናጭ ወጣት ስትሆን ሐኪም አይደለችም፤ ሥራዋ ደንበኛ ማስፈረም ነው። የሰው ሆድ ፎቶ «በፊት» እና «በኋላ» እያለች ካሳየችን በኋላ «እስከ አርብ ቀብድ ከከፈለች 1 ሺህ ዶላር ይቀነስላታል» አለች። ሐኪሙን መቼ እንደምናገኘው ጠየቅኋት። «በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት» አለችኝ። የምን ቦርድ የምስክር ወረቀት እንዳለው ጠየቅኋት። «በጣም ልምድ ያለው ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ በአማርኛ «አንቺ፣ ሥጋ ቤት እንኳ ሥጋውን ሳያይ የሚቀብድ አለ?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝና ተያይዘን ወጣን።

ሁለተኛው ሐኪም ሌላ ሰው ነበር። አስተኝቷት ራሷን ቀና እንድታደርግ አዘዘና በጡንቻዎቿ መካከል ጣቶቹን አስገባ፤ ሦስት ጣት ገባ። እምብርቷ ላይ ትንሽ ሄርኒያም አገኘ። የደም ማነስ ስላለባት መጀመሪያ እንድትታከም ነገራት። ከዚያ «ቤት ማን ያስታምምሻል?» ሲላት «ማንም አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈልግም» አለች። እንደነገረችኝ ያስተረጎምኩላትን መልስ ሰምቶ ወረቀቱን አጠፈና «እንግዲያው እኔም አልሠራሽም» አላት። ስትወጣ በጣም ተናዳ ነበር። አራት ወር ካሰበችበት በኋላ ከዘመድ ሁሉ አብልጣ ለምትፈራት ለባሏ እህት ተናገረች። ሴትየዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እኔም አንቺን ላማክርሽ ነበር፣ አፈርኩ እንጂ!»

ያንን «የምን ቦርድ?» የሚለውን ጥያቄ የምደጋግመው ለክፋት አይደለም። እዚሁ አጠገባችን በግዊኔት ካውንቲ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዶክተር ዊንዴል ቡቴ የምትባል ሐኪም፣ በቀዶ ጥገና ክፍሏ የተኙ ሴቶች ገላቸው ተገልጦ እያለ ስትዘፍንና ስትጨፍር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በ2018 ወጥተው አሜሪካን ጉድ አሰኙ። ጉዱ ግን ጭፈራው ብቻ አልነበረም። ሐኪሟ «ቦርድ ሰርቲፋይድ» ነበረች፤ የምስክር ወረቀቷ ግን የቆዳ ሕክምና ነው። በ2016 ሆዷን ለማስተካከል እሷ ዘንድ የተኛች አንዲት ሴት፣ በቀረበው ክስ መሠረት ከ8 ሰዓት በላይ ከወሰደ ቀዶ ጥገና በኋላ ልቧ ቆሞ አንጎሏ ለዘለቄታው ተጎዳ። የጆርጂያ የሐኪሞች ቦርድ የሐኪሟን የሥራ ፈቃድ ያገደው በሰኔ 2018 ነው። ፈቃዷ እስኪታገድ ድረስ ግን ቢላ መያዟ ሕጋዊ ነበር። የአሜሪካ ሕግ የሕክምና ፈቃድ ያለውን ሐኪም «አንተ የቆዳ ሐኪም ነህና ሆድ አትቅደድ» አይለውም።

ስለዚህ ስትጠይቁ «ቦርድ ሰርቲፋይድ ነህ ወይ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ አዎ ይላችኋል። መሰማት ያለበት ስም «አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ነው። «አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ኮስሜቲክ ሰርጀሪ» የሚባል ተቀራራቢ ስም ያለው ሌላ አለ፤ እሱ የአሜሪካ የስፔሻሊቲ ቦርዶች ማኅበር ከሚያውቃቸው አንዱ አይደለም። ቀጥሎ፣ ሐኪሙ ይህንኑ ቀዶ ጥገና በሆስፒታል ውስጥ እንዲሠራ የተፈቀደለት ስለመሆኑ ጠይቁ። ክሊኒክ የራሱ ነው፣ ማንም አይከለክለውም፤ ሆስፒታል ግን ብቃቱን መርምሮ ነው የሚያስገባው። ቦታውስ በጆይንት ኮሚሽን፣ በኳድ ኤ ወይም በመሰል ድርጅት የተመረመረ ነው? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው? የጆርጂያ ቦርድ በ2001 በወጣ ሕግ መሠረት የእያንዳንዱን ሐኪም ማኅደር ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፤ ስሙን ጽፎ ማየት 5 ደቂቃ አይፈጅም። ያገለገለ ቶዮታ ለመግዛት መካኒክ ይዞ የሚሄድ ሕዝብ ለገዛ ሆዱ ይህን ማድረግ ምን ያቅተዋል?

ሀብታምና ባለሥልጣን ከዚህ አደጋ አያመልጥም። የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ስቴላ ኦባሳንጆ በጥቅምት 2005 ስፔን፣ ማርቤያ ውስጥ በውበት ቀዶ ጥገና ሳቢያ ሞቱ። ስብ መምጠጫው ቱቦ ያለቦታው ሆድ ዕቃቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሙ በ2009 ጥፋተኛ ተብሎ 1 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዘፋኙ የካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት በኅዳር 2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆዳቸውንና ጡታቸውን በአንድ ቀን ተሠርተው በማግስቱ አረፉ። የልብ ደም ሥር ሕመም ነበረባቸው። እሳቸውን ቀድሞ ያነጋገራቸው ሌላ ሐኪም «መጀመሪያ ተመርምረሽ ነይ» ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በ2009 ካሊፎርኒያ ማንም ሰው የአካል ምርመራ ሳያደርግ ለውበት ቀዶ ጥገና እንዳይቀርብ በስማቸው የተጠራ ሕግ አወጣች።

አሁን ደግሞ ሰው በርካሽ ለመሠራት ባሕር ይሻገራል። እዚሁ አትላንታ፣ ክሊፍተን ሮድ ላይ ያለው ሲዲሲ በጥር 2024 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 93 አሜሪካውያን ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ውስጥ የውበት ቀዶ ጥገና ተሠርተው ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በዝርዝር ከታዩት ሞቶች ከግማሽ በላይ የሆነው ስብ ወይም የረጋ ደም የደም ሥር ዘግቶ ነው። በ2023 ሜክሲኮ፣ ማታሞሮስ ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች በወገብ በኩል ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው ከ10 በላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከጎረቤታችን ከሳውዝ ካሮላይና ተሚ ተክ ልትሠራ ወደዚያው ከተማ በመኪና የሄደች ሴትና ሦስት አጃቢዎቿ በታጣቂዎች ታፍነው ሁለቱ ተገድለዋል። እኔ የውጭ ሐኪም ሁሉ አይረባም አልልም፤ ቦጎታም ኢስታንቡልም ጥሩ እጅ ያላቸው አሉ። ቁስሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ወይም የሚያመረቅዘው ሐኪሙ ሺህ ማይል ርቆ ከቀረ በኋላ ነው። ግሬዲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያለው ተረኛ ሐኪም ምን እንደተሠራ አያውቅም።

ስለ አውሮፕላን ካነሳን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በግንቦት 2023 አትላንታ ማረፍ ከጀመረ ወዲህ አገር ቤት ለገና ወይም ለሠርግ ብቅ ማለት ቀሏል። ለዚያ ጉዞ ሲባል ቀዶ ጥገናውን ኅዳር ላይ አድርጎ ታኅሣሥ ላይ የመብረር ሐሳብ ያላቸው አጋጥመውኛል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ከውበት ቀዶ ጥገናዎች መካከል የደም መርጋት አደጋው ከፍ ከሚለው አንዱ ተሚ ተክ ነው፤ ረጅም ሰዓት ታጥፎ መቀመጥም ያንኑ ያባብሳል። ከአዲስ አበባ በረራ በፊት ስንት ሳምንት እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ራሱ ይወስን። «ማሚ ሜክኦቨር» እያሉ ሆዱን፣ ጡቱንና ጀርባውን በአንድ ቀን መሥራትም ሰዓቱን እያስረዘመ አደጋውን ይጨምራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ለ2022 ያወጣው አማካይ 8 ሺህ 174 ዶላር ነው። ይህ የሐኪሙ እጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ ማደንዘዣው፣ ክፍሉ፣ መድኃኒቱና መታጠቂያው ለብቻ ይታሰባል፤ ተደምሮ ከ10 ሺህ ማለፉ የተለመደ ነው። ዕቁቡ ካልበቃ ክሊኒኩ «ኬር ክሬዲት» የሚባለውን የብድር ካርድ ያቀርባል። «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚለውን በደንብ አንብቡት፤ በቀኑ ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይወድቅባችኋል። ይህ ለብዙ ሰው በግልጽ ሳይነገር በመቅረቱ በ2013 የፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኩባንያው እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አዟል።

ኢንሹራንስ ለውበት አይከፍልም። ግን ሁለት በር አለ። ከላይ እንዳነሳኋት እህት ሄርኒያ ከተገኘ፣ እሱን መጠገን ሕክምና ነው፤ የዚያን ድርሻ ሊሸፍን ይችላል። ብዙ ክብደት ቀንሳ (ዛሬ በኦዜምፒክና በዌጎቪ የቀነሱ ብዙ ናቸው) ቆዳዋ ብልቷን እስኪሸፍን ተንጠልጥሎ ሥሩ እየቆሰለ የሚያስቸግራት ሴት ደግሞ «ፓኒኩሌክቶሚ» የሚባለውን፣ ጡንቻ ሳይነካ የተንጠለጠለውን ብቻ የሚቆርጠውን ሥራ በኢንሹራንስ ልታገኝ ትችላለች። ለዚህ ግን የቤተሰብ ሐኪሟ ቁስሉን ለወራት ሲያክም እንደነበር በፎቶና በጽሑፍ መያዝ አለበት። «እያሳከከኝ ነው» ብሎ በቤት ቅባት ማለፍ ማስረጃ አይሆንም።

ሥራ ቦታም አስቡበት። የ1993ቱ የሕክምና ፈቃድ ሕግ ሥራን ለ12 ሳምንት ይጠብቃል፤ የውበት ሥራ ግን ሆስፒታል ካላስተኛ ወይም ችግር ካላስከተለ አይገባበትም። ወንበር ላይ የምትሠራ ሴት በ2 ሳምንት ልትመለስ ትችላለች፤ ሻንጣ የምታነሳ፣ ፋርመርስ ማርኬት ሣጥን የምትደረድር፣ አዛውንት የምታገላብጥ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅባታል።

አሁን ወደ ጓዳችን ልግባ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ጎብጦ መሄድ፣ ጉልበት አጥፎ መተኛት ነው። ከሆድ ጎንና ጎን ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች ይንጠለጠላሉ፤ የወጣው በየቀኑ ይለካል፣ ይጻፋል። ያም ሆኖ በየሰዓቱ ተነስቶ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ግዴታ ነው፤ ደም እንዳይረጋ። በእኛ ቤት «እረፍት ላይ ነች» ተብላ እንደ አራስ መተኛት እዚህ አይሠራም። ሊጥ ማቡካት፣ ምጣድ ማንሳት፣ ረከቦት ሥር ጎንበስ ማለት፣ የሁለት ዓመት ልጅ ማዘል፣ ሁሉም ይቆያል። ሁዳዴ ላይ ከዋለ ስግደቱም ይቆያል። ሐኪሙ ቁስሉ እንዲድን ፕሮቲን ይላል፤ ሽሮና ምስር ፕሮቲን አላቸው፣ ግን ምግብ የማይረጋላት ሴት እንቁላልና ሥጋ ካስፈለጋት ለንስሐ አባቷ ቀድማ ትንገር። ከጾም ወቅት ውጪ መቅጠር ከሁሉ ይቀላል።

ሐኪሙ የምትወስጂውን ሁሉ ሲጠይቅሽ የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ብቻ አትቁጠሪ። አስፕሪን፣ የወሊድ መከላከያ፣ በየጠዋቱ የሚዋጠው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይነገር፤ አንዳንዱ ደም ያቀጥናል፣ የወሊድ መከላከያው ደግሞ ደም የማርጋት አደጋ አለው። ኦዜምፒክ ምግብን ጨጓራ ውስጥ ስለሚያቆይ ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት። ሲጋራና ሺሻም አይደበቅ። ኒኮቲን ቀጫጭኑን ደም ሥር ስለሚያጠብ የተሰፋው ቆዳ ደም አጥቶ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች ሳምንታት ቀድማችሁ ካላቆማችሁ አንሠራም የሚሉት።

ስለ ጠባሳው አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው፣ ለዕድሜ ልክ ነው። የእኛ ቆዳ ላይ ጠባሳ ገንፍሎ የማደግ፣ ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ከነጮቹ ይበልጣል። ጆሮሽን ስትበሺ እንደ አተር ያበጠብሽ ከሆንሽ፣ ክትባት የተወጋሽበት ክንድሽ ላይ ጠባሳው ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ለሐኪሙ አሳዪው። የጥቁር ሴቶችን «በፊትና በኋላ» ፎቶም እንዲያሳይሽ ጠይቂ፤ ከዓመት በኋላ የተነሳውን፣ ጠባሳው የሚታይበትን። በሲ-ሴክሽን የወለድሽ ከሆነ ያ ጠባሳ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይቆረጣል፤ ከእምብርት በላይ የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ካለ ግን የደም ዝውውሩን ስለሚያውክ ዕቅዱ ይለወጣል።

የምታስታምመው ሰው ማወቅ ያለባት ጥቂት ነው። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ልብ ከፈጠነ ለክሊኒኩ ደውላ መልስ አትጠብቅ፤ 911 ትደውልና «ተሚ ተክ ተሠርታለች፣ ይህን ያህል ቀኗ ነው» ትበል። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ «ሆዷን አሟት ነው» ያለች እንደሆነ ሐኪሞቹ ሌላ በሽታ ሲፈልጉ ሰዓት ያልፋል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየጠቆረ የሚሄድ ቆዳ ሲታይ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ መሄድ ነው። ቱቦው ከወጣ በኋላ ሆዱ ውኃ እንደሞላ ጎማ ቢንቦጫቦጭ ፈሳሽ ተጠራቅሟልና በመርፌ ያወጡታል፤ ይህኛው የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥም።

የፈረማችሁትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ይዛችሁ ውጡ፤ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርትም ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ መብታችሁ ነው። ጉዳት ቢደርስ በጆርጂያ ሐኪምን ለመክሰስ ያለው ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ሰው እንዳይሰማ እየተባለ የሚያልፈውም ይኸው ጊዜ ነው።